ዳንቴል ለሳነቴ ብርድ

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ እሑድ፣ ከቀትር እስከ ማምሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ እሑድ በፊት ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ግን ታሪኩ በደንብ አይገባችሁም። መምህር ነኝ፤ ከመጀመሪያው መጀመር ልማዴ ነው።

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ፣ ሙቀት አገር ነው። ሮቤ ስመደብ ስለ ባሌ የማውቀው ስንዴውንና ብርዱን ብቻ ነበር። ስንዴው እንደተባለው ሆኖ አገኘሁት፤ ብርዱ ግን ከተባለውም ብሶ ጠበቀኝ። በመጀመሪያው ክረምት ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አልጋ ውስጥ ገብቼ ፈተና ማረም ብቻ ሆነ ኑሮዬ። ይህን ያየች አንዲት ባልደረባዬ አንድ እሑድ “አንቺ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለሽ ልታረጂ ነው!” ብላ ጎትታ ጎባ ወሰደችኝ፤ እትዬ ውባለም ቤት።

እትዬ ውባለም ስልሳን የተሻገሩ፣ ከጽሕፈት ቤት ሥራ በጡረታ የተገለሉ ሴት ናቸው። አባታቸው ከሰሜን በወታደርነት መጥተው ጎባ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ጎባ ተወልደው ስላደጉ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገሩታል፤ ሲቆጡም በሁለቱም ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንድ፣ የውኃ ማጣሪያው፣ ሁሉም የኪሮሽ ዳንቴል ለብሷል። እሑድ ከሰዓት ሰባት ስምንት ሴቶች ክርና ኪሮሻቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። ግማሾቹ ከቅዳሴ፣ አንዳንዶቹ ከጸሎት ቤት፣ ሌሎቹ ዙሁር ሰግደው ይመጣሉ። አፋቸው ያወራል፣ እጃቸው ይሠራል።

ይህ ማኅበር አንድ ልማድ ነበረው። በዓመት አንዴ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከመካከላችን አንዷ ባለተራ ትሆናለች፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን በእጃችን አንድ አንድ ነገር ሠርተን እንሰጣታለን። ላላወቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ላስረዳችሁ። ለጎረቤት ወይም ለሙሽራ የምትሠሩት ዳንቴል በፊቱ ነው የሚታየው፤ ካማረ “ተባረኪ” ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ባለሙያ ግን ስጦታዋን ስትቀበል መጀመሪያ የምታደርገው ነገር መገልበጥ ነው። ክሩ የት እንደተቀጠለ፣ ጫፉ በምን እንደተደበቀ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እጅ እንደደከመ ጀርባው ይናገራል። እትዬ ውባለም “ፊቱ ለእንግዳ፣ ጀርባው ለባለሙያ” ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁትን ባለተራዋ ገልብጣ ስታይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ቲቸር፣ ዶሮ ጭራበት ነው?” አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ጀርባ ማሳመር ተለማመድሁ።

በዚህ ምክንያት ሁላችንም ለስጦታ የምንመርጠው ቀጭን የጥጥ ክር ነበር። ወፍራም ሱፍ ስሕተት ይሸፍናል፤ ሙያ አያሳይም። ክሩ በቀጠነና ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ሥራው የተከበረ ይሆናል።

የዚያ ዓመት ባለተራ ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ የጎባ ልጅ ናት፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ እትዬ ውባለም እግር ሥር ተቀምጣ የተማረች፣ ከሁላችን እጇ የሚፈጥን። አግብታ ሪራ ገባች። ሪራ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጣችሁ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት መንደር ናት። ዘሃራ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልጸኑላትም። ሦስተኛው ግን ሰባተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ እሷም እኛም ስለ እሱ ጮክ ብለን አናወራም። እትዬ ውባለም “ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሠራም” ብለው ስለቆረጡ ለሕፃን የሚሆን ካልሲ እንኳ ማንም አልጀመረም።

በየካቲት ማኅበሩ ላይ ስትመጣ ምን እንሥራልሽ ብለን ጠየቅናት።

“ሪራ ብርድ ነው፤ ወፍራም የሱፍ አልጋ ልብስ ይሻልሻል” አልኳት እኔ።

“ዋዪ ቲቸር! ብርድ ልብስማ ደሎ መና ገበያ ሞልቷል። ከእናንተ የምፈልገው ሥራ ነው። በጣም ቀጭን ክር። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው እንቅልፍ የሚነሳኝ።”

እትዬ ውባለም በኩራት ጭኗን መታ አደረጓት። “አያችኋት? የእኔ ልጅ እኮ ናት!”

ሚያዝያ ሲመጣ መንገድ አይስማማትም ተብሎ ዘሃራ ከሪራ እንዳትወጣ ተደረገ። ስለዚህ ስጦታውን እትዬ ውባለምና እኔ ልናደርስላት ተስማማን፤ እኔ መንገዱን ማየት ስለምፈልግ፣ እሳቸው ደግሞ ዘሃራ ጀርባውን ስትገለብጥ ፊቷን ለማየት። እሑድ ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ ተሳፍረን፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጉም መሀል እንደ ሰው ቆሞ የሚታይበትን አምባ ተሻግረን፣ ከቀትር በፊት ሪራ ደረስን።

ባሏ ጀማል ለሥራ ደሎ መና ወርዶ ነበር። ዘሃራ በር ላይ ቆማ “አካም ጅርቱ፣ አዴ ኮ!”፣ እናቴ ደህና ነዎት፣ እያለች የእትዬ ውባለምን ጉንጭ ደጋግማ ሳመች። የቀረበውን በልተን እንደጨረስን ቦርሳውን ከፈትን። አንዱን ካንዱ እየለየች፣ መጀመሪያ ጀርባውን፣ ከዚያ ፊቱን አየች። የእኔን የትሪ ልብስ ገልብጣ ብዙ ቆየችና “ዶሮዋ የት ሄደች?” አለች። ለእኔ ከዲግሪ የማይተናነስ ነበር። የእትዬ ውባለም ሥራ ግን ሌላ ነው። ለአልጋ የሚሆን ነጭ ዳንቴል፤ ገና ሳንጠይቃት ጀምረው ከዓመት በላይ የደከሙበት፤ ለመንካት እንኳ የሚያሳሳ። ዘሃራ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ ጫፉን በጣቷ ፈለገችና አጣችው።

“የት ጨረሱት፣ አዴ? መጨረሻው የት ነው?”

“ፈልጊ!” አሉ እየሳቁ። “ካገኘሽው እኔ ኪሮሽ እጥላለሁ።”

እየፈለገች ሳለ እጇ ቆመ። ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ የመሰለኝ ጫፉን ያገኘችው ነው። ከዚያ ሁለት እጇን ከሆዷ ሥር ከተተች።

“አዴ፣” አለች ቀስ ብላ፣ “የሆነ ነገር ፈሰሰኝ።”

የመንደሩ የጤና ባለሙያ ወጣት ናት፤ ተጠርታ ሮጣ መጣች። አየቻትና ወደ ውጭ ጠራችኝ። የሽርት ውኃዋ ፈስሷል፣ ምጡ ጀምሯል፣ ልጁ ገና አልደረሰም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ማሞቂያና ኦክሲጅን ይፈልጋል፣ ያለው ጎባ ሆስፒታል ነው፤ አለችኝ። አምቡላንስ ደወለች። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። እሷም ልትከተለን አልቻለችም፤ እጇ ላይ ሌላ ወላድ ነበረች። “መንገድ ላይ ከወለደች ልጁን አድርቃችሁ በቀጥታ ደረቷ ላይ አድርጉት። ሆዷን ከእምብርቷ በታች እያሸሽ አጠንክሪው፤ ደም እንዳይፈሳት። ዋናው ግን እንዳይበርደው!” አለችኝ። ይህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ከደሎ መና ቡና ጭኖ ወደ ጎባ የሚወጣ አይሱዙ አስቆምን። ሹፌሩ ከድር የሚባል ጎልማሳ ነው። አንዴ ዘሃራን አይቶ “ግቡ፣ ግቡ” ብቻ አለ። ዘሃራን መሀል አድርገን፣ በቤቱ ውስጥ ደህና የነበረውን አንድ ብርድ ልብስ አልብሰን ጋቢናው ውስጥ ታጨቅን። ቦርሳውን ማን እንዳነሳው አላውቅም። እትዬ ውባለም ክርና ኪሮሻቸውን ትተው የትም ስለማይሄዱ ምናልባት ከልማድ የተነሳ ያነሱት እሳቸው ይሆናሉ።

ከሪራ ወደ አምባው የሚያወጣው መንገድ እባብ ነው። ከድር በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ የሙቀቱን መርፌ ያያል። ዘሃራ ምጡ ሲመጣባት የእኔን እጅ፣ ሲለቃት የእትዬ ውባለምን ትይዛለች።

“ይሄኛው ይቆያል፣ አይደል አዴ?”

“ይቆያል። የሪራ ልጅ ጉልበተኛ ነው፤ ቸኩሎ ነው እንጂ” አሉ።

“ኢንሻ አላህ በሉ።”

“ኢንሻ አላህ፣ ልጄ።”

አምባው ላይ እንደወጣን ጉሙ ተቀበለን፤ ቀጥሎ በረዶ። የሚያዝያ በረዶ ሳነቴ ላይ አይወርድም፤ ይወረወራል። ትንሽ እንደሄድን ከሞተሩ ሥር አንድ ነገር ፈነዳ፤ ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው። ከድር ዘሎ ወረደ። የራዲያተሩ ጎማ ተቀዶ ውኃው በሙሉ ፈስሶ ነበር። በጎማ ቁራጭ አሰረው፣ ከጀሪካን ውኃ ሞላው፣ አስነሳው፤ መቶ ሜትር ሳንሄድ እንደገና ለቀቀ። ሌላ ውኃ የለም። ስልኮቻችን ኔትወርክ የላቸውም።

“ኔትወርኩ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይይዛል” አለ ከድር። “መኪና ካገኘሁም አስቆማለሁ።” ጃኬቱን አውልቆ በመስኮቱ አቀበለኝ።

“አንተስ?” አልኩት።

“እኔ እራመዳለሁ፣ ቲቸር። የሚሄድ ሰው ይሞቀዋል። እናንተ ናችሁ የምትቀመጡት።” በሸሚዝ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው ጠፋን።

በእኔ በኩል ያለው መስታወት ግማሽ ላይ ተጣብቆ አይወጣም። ባዶ ጆንያ ጠቀጠቅሁበት፤ ንፋሱ ግን ጆንያውን እያስተነፈሰ ይገባል። ሞተሩ ሲቆም ሙቀቱም ሄደ። ዘሃራ የወለደችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የወለደችውን ዝርዝር አልጽፍም። ብርድ ልብሱ በውኃና በደም ከዳር እስከ ዳር እንደራሰ፣ ወንድ ልጅ እንደሆነ፣ በእትዬ ውባለም ሁለት መዳፍ ላይ ተኝቶ ቦታ እንደተረፈ ብቻ ልንገራችሁ። አለቀሰ። ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነበር፤ ግን አለቀሰ። ዘሃራ “ሰማችሁ? ሰማችሁት?” እያለች ደጋግማ ጠየቀችን። እትብቱን በኪሮሽ ክር ሁለት ቦታ አሰርኩ፤ የክር መቀሷን በእጅ ሳኒታይዘር ጠርጌ በመካከል ቆረጥኩት። አንደበቴ ማስረዳቱን አላቆመም። “መጀመሪያ እናደርቀው። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ያባክናል” እላለሁ። ማንን እንደማስተምር እግዚአብሔር ይወቀው።

በምን እናድርቀው? የእትዬ ውባለም ነጠላ እርጥብ፣ የሹራባቸው እጅጌ እርጥብ፣ ቀሚሳችን እርጥብ። የከድርን ጃኬት ለዘሃራ አልብሰናል፤ እሷም መንቀጥቀጥ ጀምራለች። ጋቢናው ውስጥ የቀረ ደረቅ ነገር ቦርሳው ብቻ ነበር። ከፈትኩት። ትሪ የሚለብሰው፣ ቴሌቪዥን የሚለብሰው፣ የትራስ ጠርዝ፣ የነጠላ ጥለት የመሰለ፣ በመጨረሻም ነጩ የአልጋ ልብስ። አንዱን አውጥቼ ወደ ብርሃን ስይዘው በቀዳዳው ውስጥ የመኪናው መሪ፣ ከመሪው ወዲያ ጉሙ ታየኝ። የጎበዝ ሴቶች የዓመት ሥራ በእጄ ይዣለሁ፤ ንፋስ የሚከለክል አንድ እንኳ የለበትም።

እትዬ ውባለምም እኔ ያየሁትን አዩ።

“ደራርበን እናልብሰው” አልኩ። “ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ እንዳያርፍ። የአንዱ ቀዳዳ የሌላው ድር ላይ ይረፍ። በመካከላቸው የሚቀረው አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት ይይዛል።”

“ይይዛል?” አሉኝ ቀና ብለው።

“ይይዛል፣ እትዬ።”

ነጩን የአልጋ ልብስ በጉልበታቸው ላይ አጠፉት፤ አራት፣ ከዚያ ስምንት እጥፍ። ኪሮሻቸውን አወጡ። በዚያ ብርድ፣ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ እጥፉን አንዱን ካንዱ ጋር እያጣመሩ ዙሪያውን ያዙት። እንዲህ ሻካራ ስፌት ከእጃቸው ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ከላይ ኮፍያ የሚሆን ጥግ አበጁለት። ልጁን በትሪ ልብሴ አደረቅሁት፤ ዘሃራ ደረት ላይ፣ ቆዳ በቆዳ፣ አስተኛነው፤ የተሰፋውን ከላይ ደረብን፣ የቀረውንም ሁሉ በላዩ ላይ። ትንሽ ቆይቶ ጀርባውን ስነካው ሞቋል። እውነት ሞቆ ነበር።

“ሠራ!” አልኩ። ዘሃራ ፈገግ አለች። “ጀርባውን እንዳታዩት፣ አዴ” አለቻቸው፤ “እንዴት ነው የሰፉት?” ሦስታችንም ሳቅን። ስለዚያ ሳቅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚያ ደሙ መጣ። የጤና ባለሙያዋ እንዳለችኝ ሆዷን አሸሁ፤ ይቀንሳል፣ ይመለሳል። ከንፈሯ ነጣ፤ ጥርሷ መጋጨት ጀመረ። የሰው ገላ ደም ሲያጣ ሙቀቱን ከቆዳው ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ይህን ለተማሪዎቼ በሥዕል አሳያለሁ። አሁን ግን ደረቷን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጁን እያሞቀችው አልነበረም፤ ሙቀቱን እየወሰደችበት ነበር። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ሳቅማማ ቀደመችኝ።

“አዴ፣ እርስዎ ይሞቃሉ። እኔ በረድኩ። ይያዙልኝ።”

እትዬ ውባለም ሹራባቸውን ከፍተው ልጁን ከነዳንቴሉ ጡታቸው መሀል ከተቱት። ሹራቡን በላዩ ቆለፉ። ከዚያ በኋላ የምናየው አንድ ነጭ የኮፍያ ጥግ ብቻ ሆነ። እኔ የዘሃራን ሆድ አሻለሁ። እሷ ዓይኗን ከዚያች ጥግ አታነሳም።

ከድር ተመለሰ። መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ ድምፁን ሰማን። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርድ ላንድክሩዘር አግኝቶ፣ ሰዎቹ ወደ ጎባ እንዲመለሱልን ለምኖ ነው የመጣው። ቅንድቡ ላይ በረዶ ተጣብቋል። ዘሃራን ተሸክመን የኋላ መቀመጫ ላይ አስተኛናት፤ ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ፤ እትዬ ውባለም ፊት ተቀመጡ። ከድር ከአይሱዙው ጋር ቀረ። በሩን ሲዘጋ “ወንድ ነው?” አለ። “ወንድ ነው” አልነው። “ማሻ አላህ” አለና በሩን መታ መታ አደረገው።

መኪናው ሙቀት ነበረው። አምባውን ጨርሰን ወደ ጎባ ማዘቅዘቅ ስንጀምር የእትዬ ውባለም ትከሻ ሲለወጥ አየሁ። አልተንቀሳቀሱም፤ እንዲያውም ጭራሽ መንቀሳቀስ አቆሙ። ከመቀመጫው ጎን እጄን ሰድጄ በሹራባቸው ሥር ገባሁ፤ እግሩን አገኘሁት። ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ እግር። ያዝኩት፤ ጠበቅሁ። እትዬ ውባለም በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ፈልገው አገኙት፤ ራሳቸውን አንዴ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ነቀነቁ።

“አዴ፣” አለች ዘሃራ ከጭኔ ላይ፣ “ይሞቃል?”

“ይሞቃል፣ ልጄ።”

“ለምን አያለቅስም?”

“ተኝቷል። እንደ አባቱ እንቅልፋም ነው።”

“ደህና ይሸፈን” አለች።

“ሸፍኜዋለሁ።”

ጎባ እስክንገባ ሁለት ጊዜ ያንኑ ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሱላት። ድምፃቸው አንዴም አልተሰበረም። እኔ መስኮቱን ነበር የማየው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘሃራን በአልጋ እየገፉ ይዘዋት ገቡ። አንዲት ነርስ ልጁን ተቀበለች፤ የተሰፋው መጠቅለያ አልከፈት ሲላት መቀስ አነሳች። እትዬ ውባለም እጇን ያዙ። “አይቆረጥም” አሉ። የክሩን ጫፍ በጣታቸው ፈልገው አገኙና ሳቡት። ኪሮሽ ያወቀ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጫፉ ከተገኘ ያ ሁሉ ሥራ በአንድ መሳብ ይተረተራል። ክሩ እየተፈታ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ልጁም ከውስጡ ወጣ። ነርሷ ብዙ አልቆየችም። የሆነውን እኛ ቀድመን አውቀነው ነበር።

ዶክተሩ በኋላ ብርዱ ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ሳንባው አልደረሰም ነበር፤ በማሞቂያ ውስጥም ቢሆን ላይቆይ ይችል ነበር አለ። “ላይቆይ ይችል ነበር” የሚለው ቃል ውስጥ “ሊቆይም ይችል ነበር” አለ። ይህን ለማወቅ ሰዋስው መማር አያስፈልግም። ዘሃራ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ጀማል በሌሊት መኪና ደረሰ። ልጁን ኢብራሂም ብሎ ስም አወጣለት፤ በነጋታው ጎባ ተቀበረ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ መምህር ነኝና ሳላስተምራችሁ አላልፍም። እርጉዝ ዘመድ ካላችሁ፣ በተለይ ቀድሞ ፅንስ የጠፋባት ካለች፣ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ሆስፒታል አጠገብ አሳርፏት፤ በየቦታው የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ፤ እኛም ይህን እናውቅ ነበር፣ “ገና ሰባት ወሯ ነው” ብለን ግን አልተጠቀምንበትም። ከመወለዱ በፊት ለልጅ ልብስ ማዘጋጀት ክፉ አይጠራበትም፣ አያባርረውምም። ይህን ለእትዬ ውባለም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝ። ማኅበሩ ቀጥሏል። ባለተራ አሁንም አለች፤ ጀርባ ይገለበጣል፤ ይሳቃል። ከዚያ እሑድ ወዲህ የተለወጥኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ድሮ አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ካወቅሁ ነገሩን የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ሰውነት ሙቀት ሳስተምር ድምፄ ድሮ እንደነበረው አይሮጥም። ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ ደከመሽ?” ይሉኛል። ያችን እግር ይዤ ቆሜ እንደማስተምር አያውቁም።

ዘሃራ አርባ ቀን እናቷ ቤት ጎባ ከረመች። አርባው ባለፈ ማግስት እትዬ ውባለም ጠሩኝ። “አብረሽኝ ነይ። ያንን ውሸት ተሸክሜ መተኛት አቃተኝ” አሉኝ። ሄድን። እናቷ ጓዳ ገብታ ሦስታችን ብቻ ቀረን። እትዬ ውባለም ነጠላቸውን እያፍተለተሉ ብዙ ዞሩ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ከድር አይሱዙ አወሩ።

በመጨረሻ “ዘሃራ፣ እኔ ዋሽቼሻለሁ” አሉ። “መኪናው ውስጥ ይሞቃል ስልሽ...”

“አውቃለሁ፣ አዴ።”

“የነገርኩሽ ነገር...”

“አውቅ ነበር። የዚያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ትከሻዎ ሲቆም አየሁ።”

እኔና እትዬ ውባለም ተያየን። ያንን ቁልቁለት ሁሉ፣ መኪናው ውስጥ ያወቅነው ሁለት ነን ብለን ነበር የወረድነው።

“ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ? እየደጋገምሽ፣ ይሞቃል ወይ ብለሽ?”

“ማወቄን ካወቁ ያወርዱታል ብዬ ነው” አለች ዘሃራ። “አልቅሰው፣ ተስፋ ቆርጠው፣ ያወጡትና ወንበር ላይ ያደርጉታል ብዬ። እኔ ከበረድኩ በኋላ ሙቀት ያገኘው እርስዎ ጋ ብቻ ነበር። እስከ ጎባ ድረስ እዚያው ይቆይልኝ ብዬ ነው።”

እትዬ ውባለም ነጠላቸውን ለቀቁት።

“ብትነግሪኝም አላወርደውም ነበር” አሉ።

“አሁን አወቅሁ” አለች ዘሃራ፤ ተጠግታም ራሷን ሹራባቸው ላይ ጣለች።